«ልጆቻችሁን አታስመዝግቡ» የሚለው ምክር ልጆቻችንን ይጎዳል

ሰሞኑን አሜሪካ በምንኖር ሐበሾች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወር አንድ ጽሑፍ አለ። «ልጆቻችሁን ለአሜሪካ ጦር አታስመዝግቡ» ይላል። የሚያወራው ስለ ሴሌክቲቭ ሰርቪስ ነው። መንግሥት አንድ ቀን የግዴታ ውትድርና ቢያውጅ ማንን እንደሚጠራ እንዲያውቅ፣ ወጣት ወንዶችን አስቀድሞ ስለሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ማለት ነው።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ዋና ዋና ሐሳቡን ልንገራችሁ። የተመዘገበ ልጅ ወታደር ሆነ ማለት ነው ይላል። ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ስደተኛው ቀድሞ ይላካል። ሕጉ የወጣው ለዜጎች ስለሆነ ግሪን ካርድ፣ አሳይለም (ጥገኝነት) ወይም ቪዛ ያለው ሰው ግዴታ የለበትም። ወረቀት የሌለው ሰው ከተመዘገበ ራሱን ለኢሚግሬሽን አሳልፎ ሰጠ። ባይመዘገብ ማንም አይነካውም። 26 ዓመት ያለፈው ግን ዜግነቱን ይርሳው፣ ወይም ጉዳዩን «የሚያስተካክልለት» ሰው ይፈልግ። አንድ ቀን ከተጠራ «እኔ የውጭ ዜጋ ነኝ» ይበል። አሁን ደግሞ ምዝገባው በራሱ ሊሆን ስለሆነ ዝም ብሎ መቀመጥ ይሻላል።

ጽሑፉን የላከችልኝ ዘመዴ የ19 ዓመት ልጅ አላት። ልጁ ከአባቱ ጋር በዲቪ ነው የመጣው። «እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለሷ የመለስኩላትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ካልሆነ እናገራለሁ።

ከክርክሩ በፊት ግን ፍርሃቱን ማክበር አለብኝ። የኛ ሰው የውትድርና ምዝገባ ሲባል ለምን እንደሚደነግጥ አውቃለሁ። ደርግ በ1975 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ አወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት ግዳጅ ገባበት። አዋጁ ላይ ሁሉም በሥርዓት የሚሆን ይመስል ነበር። ጦርነቱ ሲብስ ግን ነገሩ አፈሳ ሆነ። ልጅ ከገበያ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታ፣ ከመንገድ ላይ ይታፈስ ነበር። ልጇን ቆጥ ላይ የደበቀች እናት ዛሬ ሚኒሶታ ወይም ቨርጂኒያ የልጅ ልጅ ታሳድጋለች። ከኤርትራ የመጡ ወንድሞቻችንም ብዙዎቹ ማብቂያው የማይታወቅ ብሔራዊ አገልግሎት ሸሽተው ነው የወጡት። ይህን ያየ ወላጅ «ልጅህን አስመዝግብ» የሚል ደብዳቤ ከመንግሥት ሲደርሰው ቢደነግጥ ምን ይገርማል?

ስለዚህ ጸሐፊውን ክፉ አስበው ጻፉ አልልም። ምክራቸው ግን የሚያድነው ሰው የለም። ልጁን ከጦርነት አያስጥለውም። ዜግነቱን ሊያዘገይበት፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሊያሳጣው ይችላል።

«የተመዘገበ ልጅ ወታደር ሆነ» ከሚለው ልጀምር። አሜሪካ በግዴታ ወታደር መመልመል ያቆመችው በ1973 ነው። በ1975 ፕሬዚዳንት ፎርድ ምዝገባውንም አስቆሙት። ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታን ከገባች በኋላ ፕሬዚዳንት ካርተር በ1980 መለሱት። የተመለሰው ግን ምዝገባው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ኢራቅ ዘምታለች፣ አፍጋኒስታን 20 ዓመት ተዋግታለች። ስሙ ከዚህ መዝገብ ወጥቶ በግዴታ የዘመተ አንድም ሰው የለም። የዘመቱት በፈቃዳቸው የተቀጠሩ ናቸው።

መሥሪያ ቤቱም የመከላከያ ሚኒስቴሩ፣ የፔንታጎን፣ ክፍል አይደለም፤ ራሱን የቻለ ነው። የሚይዘው ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) ነው። ምዝገባው ላይ የጤና ምርመራ የለም፣ ቃለ መሐላ የለም።

የግዴታ ውትድርና እንዲመለስ ኮንግረሱ ሕግ ማሻሻል አለበት፤ ፕሬዚዳንቱም መፈረም አለባቸው። ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ዕጣው የሚወጣው በትውልድ ቀን ነው። መጀመሪያ የሚጠሩት በዚያ ዓመት 20 የሚሞላቸው ልጆች ናቸው። ካልበቃ 21፣ 22 እያለ እስከ 25 ይሄዳል። የ19 እና የ18 ዓመት ተኩል ልጆች መጨረሻ ላይ ናቸው። የተጠራ ሰውም ወዲያው ካምፕ አይገባም። ምርመራ አለ፣ የማዘግየት ጥያቄ አለ፣ በየአካባቢው ጉዳዩን የሚሰማ ቦርድ አለ፣ ይግባኝ አለ።

«ስደተኛው ቀድሞ ይላካል» ለሚለውም መልሱ እዚሁ ውስጥ ነው። ዕጣው ላይ የሚጻፈው ቀን እንጂ የመጡበት አገር አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የኛ ልጅና አዮዋ ተወልዶ ያደገ ልጅ በአንድ ቀን ከተወለዱ ዕጣቸው አንድ ነው። ጸሐፊው የቬትናምን ጦርነት ማንሳታቸው ግን ትክክል ነው። ያኔ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎች ተጠርተው ዘምተዋል፤ የሞቱም አሉ። ሕጉ ነዋሪን ከዜጋ እኩል ነው የሚያየው። መምረጥ የማይችል ሰው ለጦርነት መጠራቱ ያበሳጫል። እኔንም ያበሳጨኛል። ይህን ለኮንግረስ አባላት መጻፍ፣ መሟገት ይቻላል። ልጅን ሳያስመዘግቡ በመቅረት ግን የሚለወጥ ነገር የለም።

ጽሑፉ «በቅርቡ ሴት ልጆቻችሁም ይጠራሉ» እያለም ያስፈራራል። የምዝገባው ሕግ የሚመለከተው ወንዶችን ብቻ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981 ይህንኑ አጽድቆታል። ሴቶችን ለመጨመር ኮንግረስ ውስጥ ሐሳብ የቀረበበት ጊዜ አለ፤ ሕግ ግን አልሆነም።

አሁን ግዴታው ማንን እንደሚመለከት እንይ። እዚህ ጋ ጽሑፉ ከራሱ ጋር ይጣላል። ፊት ለፊት «ስደተኛው ቀድሞ ይላካል» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ሕጉ ለዜጋ ነው፣ ስደተኛን አይመለከትም» ይላል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ከ18 ዓመት ጀምሮ 26 እስኪሞላው ድረስ አሜሪካ የሚኖር ወንድ ሁሉ፣ ጥቂቶች ሲቀሩ፣ መመዝገብ አለበት። ዜጋው፣ ጥምር ዜግነት ያለው፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኛነት ተመድቦ የመጣው፣ አሳይለም ያገኘው፣ በፓሮል፣ ማለትም ያለ ቪዛ በጊዜያዊ ልዩ ፈቃድ፣ የገባው፣ ወረቀት የሌለውም ጭምር። ጊዜው 18 በሞላ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ከ18 በኋላ አሜሪካ የመጣ ልጅ ደግሞ በገባ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ዘግይቶ ቢሄድም 26 እስኪሞላው ይቀበሉታል። 26 ከሞላ በኋላ ግን ለምኖም አይመዘገብም።

ዲያቆን መሆን ከምዝገባ አያስቀርም። ለእናቱ አንድ ልጅ መሆንም አያስቀርም። ከቤት ወጥቶ መንቀሳቀስ የሚችል አካል ጉዳተኛም ይመዘገባል። እነዚህ ሁሉ ሰውየው ከተጠራ በኋላ የሚነሱ ጉዳዮች ናቸው።

ቪዛ ላይ ግን ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። በሕጋዊ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው አይመዘገብም። በኤፍ-1 የሚማር ተማሪ፣ በጄ-1 የልውውጥ ቪዛ የመጣ፣ በኤች-1ቢ የሚሠራ፣ ለጉብኝት የመጣ፣ የዲፕሎማት ልጅ። ዋሽንግተን አካባቢ ወላጆቻቸው በዓለም አቀፍ ድርጅት ቪዛ ዓለም ባንክ የሚሠሩ ልጆችም እዚህ ውስጥ ናቸው። ጽሑፉ የዘለለው ሁለተኛውን ግማሽ ነው። ነፃ የሚያደርገው ቪዛው አንድ ጊዜ ፓስፖርት ላይ መለጠፉ አይደለም። እስከ 26 ዓመት ድረስ በዚያ ሕጋዊ ሁኔታ ውስጥ መቆየት ነው።

በዚህ የሚያዙ ልጆች ብዙ ናቸው። አንድ ልጅ በተማሪ ቪዛ ይመጣል። ከዚያ የክፍያው ነገር ያቅተዋል፣ ትምህርቱን ያቋርጣል። የተማሪነት ሁኔታው ሲያበቃ ከምዝገባው ነፃ መሆኑም አብሮ ያበቃል። ሌላው በተማሪነት እያለ አገር ቤት ጦርነት ይነሳል፣ አሳይለም ይጠይቃል፣ በ23 ዓመቱ ይፈቀድለታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግዴታ አለበት። ሦስተኛው በ25 ዓመቱ አግብቶ ግሪን ካርድ ያገኛል። እሱም ግዴታ አለበት። ሦስቱም «እኔ እኮ በቪዛ ነው የመጣሁት» ይላሉ። የዜግነት ማመልከቻ ላይ ሲደርሱ ነው ነገሩ የሚገባቸው።

እስከ 26 ዓመቱ በሕጋዊ ቪዛ የቆየ ሰው ደግሞ ማስረጃውን ይያዝ። ትምህርት ቤቱ ለቪዛው የሰጠውን አይ-20፣ አገር የገባበትን መዝገብ አይ-94፣ የትምህርት ቤት ትራንስክሪፕቱን አይጣል። ከዓመታት በኋላ «ለምን አልተመዘገብክም?» ሲባል የሚያድነው ያ ወረቀት ነው።

ዕድሜ ላይም አንድ ነገር ልበል። የኛ ሰው የትውልድ ቀን ብዙ ጣጣ አለበት። ከኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ሲገለበጥ የተሳሳተ አለ። ካምፕ ውስጥ በግምት ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈለት አለ። እናት «ልጄ ገና 17 ነው» ትላለች፤ ግሪን ካርዱ 19 ይላል። መሥሪያ ቤቶቹ የሚቆጥሩት ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን ነው። 30ውን ቀንም 26 ዓመቱንም በዚያው ቁጠሩ።

ቀጥሎ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ጉዳይ አለ። ይህን በጥድፊያ ማለፍ አልፈልግም፤ ሰው በእውነት የሚጨነቅበት ነገር ነውና። ጽሑፉ ምዝገባው የኢሚግሬሽን ወጥመድ ነው ይላል። የምዝገባው ፎርም የኢሚግሬሽን ሁኔታን አይጠይቅም። ግሪን ካርድ አለህ ወይ፣ እንዴት ገባህ የሚል ጥያቄ የለውም። መሥሪያ ቤቱም ይህን መረጃ እንደማይሰበስብ በግልጽ ይናገራል። ሶሻል የሌለው ሰው በኢንተርኔት መመዝገብ አይችልም። ከፖስታ ቤት ወረቀት ፎርም ወስዶ፣ የሶሻሉን ቦታ ባዶ ትቶ በፖስታ ይልካል።

ይሁንና ፎርሙ ላይ አድራሻ ይጻፋል። በዚህ ዘመን አድራሻን ለማንኛውም የመንግሥት ቢሮ መስጠት የሚያስፈራው ሰው መኖሩ ይገባኛል። ምንም ዓይነት ወረቀት የሌለውና ከመንግሥት ጋር ፈጽሞ ተገናኝቶ የማያውቅ ልጅ ካላችሁ፣ የኔንም የጸሐፊውንም ቃል ይዛችሁ አትወስኑ። ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚያማክሩ ድርጅቶች በየከተማው አሉ። ስታማክሩ ግን ግዴታው እሱንም እንደሚመለከት እያወቃችሁ ይሁን። ነገ አግብቶ ወይም በሌላ መንገድ ወረቀት ቢያገኝ፣ ከዓመታት በኋላ ለዜግነት ሲያመለክት ጥያቄው ይጠብቀዋል።

አብዛኛው የኛ ሰው ግን እዚህ ውስጥ አይደለም። አሳይለም የጠየቀ ሰው አድራሻውን፣ የወላጆቹን ስም፣ አሻራውን፣ የሕይወት ታሪኩን ሳይቀር ለኢሚግሬሽን ሰጥቷል። የሥራ ፈቃዱ በፖስታ የሚመጣለት እዚያው አድራሻ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ከሴሌክቲቭ ሰርቪስ ሲደበቅ የሚደብቀው ነገር የለም። ግዴታውን ሳይወጣ መቅረቱ ብቻ ነው የሚተርፈው። ጸሐፊው ይህን ሳይለዩ ሁሉንም በአንድ ላይ ማስፈራራታቸው ነው እኔን ያሳዘነኝ።

«ባይመዘገብ ማንም አይነካውም» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ልጆችን ያሳስታል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ሕጉ ላይ ያለው ቅጣት ከባድ ነው፤ እስከ 250,000 ዶላርና እስከ 5 ዓመት እስራት። በተግባር ግን በ1980ዎቹ ጥቂት ሰዎች ከተከሰሱ በኋላ፣ ከ1986 ወዲህ ባለመመዝገቡ የተከሰሰ የለም። ጸሐፊው እዚህ ድረስ ልክ ናቸው። ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ ተዉት» ሲሉ ነው የሳቱት። የሚያስፈራው እስሩ አይደለም።

የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400፣ ይህን ጥያቄ በቀጥታ ይጠይቃል። ወንድ ከሆንክና ከ18 እስከ 26 ባለው ዕድሜህ አሜሪካ ከኖርክ፣ ተመዝግበሃል ወይ? መቼ? ቁጥርህ ስንት ነው? ዕድሜው ገና ከ26 በታች ሆኖ አልመዘገብም ያለ ሰው ዜግነት አይሰጠውም። ከ26 እስከ 31 ያለ ሰው ደግሞ ያልተመዘገበው አውቆና ሆን ብሎ እንዳልሆነ ማስረዳት አለበት። እስቲ አስቡት። «ሕጉ መኖሩን አላውቅም ነበር» ማለት ለብዙ የኛ ልጅ እውነተኛ መልስ ነው። «አትመዝገቡ» የሚል ጽሑፍ አንብቦ፣ ለጓደኞቹ አጋርቶ ሳይመዘገብ የቀረ ልጅ ግን ይህን መልስ በእውነት መስጠት አይችልም። በመሐላ መዋሸት ደግሞ ራሱ ሌላ ጥፋት ነው። ጽሑፉ ለልጁ የነበረችውን አንድ መልስ ወሰደበት።

ሥራም አለ። ግዴታ እያለበት ያልተመዘገበ ሰው በፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት አይቀጠርም። ብዙ ሐበሻ የሚሠራበት ፖስታ ቤትም ምዝገባውን ይጠይቃል። በርካታ ግዛቶች ለግዛቱ መንግሥት ሥራ ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። የፌዴራል የሥራ ሥልጠናም አለ። ገንዘብ የሌለው ልጅ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ወይም የነርስ ረዳትነት የሚሠለጥንበትን ክፍያ የሚሸፍነው ፕሮግራም ምዝገባውን ያያል። ለአዲስ መጤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በአንድ ነገር ደግሞ ጽሑፉ ያለ ምክንያት ያስፈራል። «ያልተመዘገበ የኮሌጅ እርዳታ አያገኝም» ይላል። ይህ ድሮ እውነት ነበር። ኮንግረሱ በዲሴምበር 2020 ባወጣው ሕግ የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ከምዝገባው ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጧል። የእርዳታው ማመልከቻ፣ ፋፍሳ፣ ላይ የነበረው ጥያቄም ወጥቷል። የራሳቸውን እርዳታ አሁንም ከምዝገባ ጋር ያያያዙ ግዛቶች ግን አሉ፤ የምትኖሩበትን ግዛት ጠይቁ።

26 ስላለፋቸው ሰዎች የተጻፈውን ሳነብ ተናድጃለሁ። «ዜግነቱን ይርሳው ወይም የሚያስተካክልለት ሰው ይፈልግ» ይላል። እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር ነው የኛን ሰው ለደላላ የሚያጋልጠው። 26 ያለፈውን ሰው ወደ ኋላ መልሶ የሚያስመዘግብ ማንም የለም። ጠበቃም አይችል፣ ደላላም አይችል። ያንን እሸጣለሁ የሚል ሰው ገንዘባችሁን ሊበላ ነው።

መንገዱ ሌላ ነው። ሴሌክቲቭ ሰርቪስ በነፃ የሚሰጠው የሁኔታ መግለጫ ደብዳቤ አለ። ሰውየው የልደት ቀኑን፣ መቼ አሜሪካ እንደገባና በምን ሁኔታ እንደኖረ የሚያሳይ ማስረጃ አያይዞ ይጠይቃል። ደብዳቤው መመዝገብ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለውን ይገልጻል። ከ26 ዓመቱ በኋላ አሜሪካ የመጣ ሰው ቀድሞውንም ግዴታ አልነበረበትም። ከ1960 በፊት የተወለደውም እንዲሁ። ግዴታ የነበረበት ሰው ደግሞ ለምን እንዳልተመዘገበ በራሱ ቃል ጽፎ፣ የሚያውቁት ሰዎች የሰጡትን ምስክርነት ጨምሮ ለዜግነት ቃለ መጠይቁ ይዞ ይቀርባል። ሆን ብሎ ነው ወይስ ሳያውቅ የሚለውን የሚወስነው ሴሌክቲቭ ሰርቪስ አይደለም፤ ማመልከቻውን የሚያየው መሥሪያ ቤት ነው።

ዕድሜው 31 ካለፈ ደግሞ ነገሩ በጣም ይቀላል። ለዜግነት ያመለከተ ሰው መልካም ጠባይ እንደነበረው የሚመረመርበት ጊዜ በመደበኛው ያለፈው 5 ዓመት ነው። 26 ላይ 5 ሲጨመር 31 ይሆናል። አሜሪካዊት አግብቶ በ3 ዓመት የሚያመለክት ሰው ደግሞ 29 ሲያልፍ። ከዚያ በኋላ አለመመዝገቡ ብቻውን በአብዛኛው ዜግነት አይከለክለውም። «እኔ እኮ ተበላሽቶብኛል» ብለው ለዓመታት ሳያመለክቱ የተቀመጡ የ40 ዓመት ሰዎች አሉ። እነሱ ይህን እንዲያነቡ እፈልጋለሁ።

ጦርነትን ከእምነቱ የተነሳ የሚቃወም ልጅ ላላችሁም አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፉ ይህን አላነሳውም፤ ቢያነሳው ለወላጅ ይጠቅም ነበር። በኅሊና ምክንያት መሣሪያ አልይዝም ማለት በአሜሪካ ሕግ ቦታ አለው። ጥያቄው የሚቀርበው ግን በምዝገባ ጊዜ ሳይሆን ሰውየው ሲጠራ ነው። ቦርዱ ፊት ቀርቦ እምነቱን ያስረዳል። ከተቀበሉት ወይ ሠራዊቱ ውስጥ መሣሪያ ሳይዝ ያገለግላል፣ ወይ ከሠራዊቱ ውጭ ለ24 ወር ሌላ አገልግሎት ይሰጣል። አንድን ጦርነት ብቻ መቃወም አይበቃም፤ ጦርነትን በጠቅላላ መቃወም አለበት። እንዲህ ያለ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ የሚያምንበትን ቢጽፍ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከመስጊዱ ደብዳቤ ቢይዝ ይጠቅመዋል። መመዝገቡ ይህን መብት አይወስድበትም።

ምዝገባው «በራሱ ሊሆን ነው» ለሚለውም መልስ አለኝ። እውነት ነው፣ ፕሬዚዳንቱ ዲሴምበር 18 ቀን 2025 የፈረሙት የመከላከያ ሕግ ሴሌክቲቭ ሰርቪስ ወጣቶችን ከመንግሥት መረጃዎች ላይ ራሱ እንዲመዘግብ ያዛል። ሥራ ላይ የሚውለው ከተፈረመ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት 26 የሚሞላው ልጅ ግን ይህን ሕግ ቢጠብቅ በሩ ይዘጋበታል። ዛሬም ቢሆን አንዳንዱ ሳያውቀው ተመዝግቧል። እዚህ አገር ሆኖ በአይ-485 ግሪን ካርድ ያመለከተ ወጣት ስሙ እንዲተላለፍ ፎርሙ ላይ ተስማምቷል። በብዙ ግዛቶች ደግሞ መንጃ ፈቃድ ሲወጣ ምዝገባው አብሮ ይሄዳል። ስም በስህተት ሲጻፍ፣ አባትና አያት ቦታ ሲቀያየሩ ምን ሊፈጠር እንደሚችል የኛ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ገምታችሁ አትቀመጡ። በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የመጨረሻ ስም (ላስት ኔም)፣ ሶሻልና የትውልድ ቀን ሲገባ ቁጥሩ ይወጣል። ቁጥሩን አትማችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አስቀምጡ። ቤት ስትቀይሩም በ10 ቀን ውስጥ አድራሻውን አድሱ። ሁሉም ነፃ ነው።

መጨረሻ ያስቀመጥኩት ከሁሉ የከፋውን ምክር ነው። «ከተጠራ እኔ የውጭ ዜጋ ነኝ ይበልና ይለፍ» ይላሉ ጸሐፊው። ቀላል ነገር አስመስለው ነው የጻፉት።

በኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 315 መሠረት፣ የውጭ ዜጋ ስለሆንኩ ከውትድርና ነፃ አድርጉኝ ብሎ አመልክቶ በዚያ ምክንያት ነፃ የተደረገ ሰው ለዘለዓለም የአሜሪካ ዜጋ መሆን አይችልም። 31 ሲያልፍ የሚቀር አይደለም። አሜሪካዊት ማግባትም አያነሳውም። ከአንዳንድ አገሮች ጋር ባለ ስምምነት የተወሰነ የተለየ ሁኔታ አለ፤ ያም የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው። የዜግነት ማመልከቻውም ከውትድርና ነፃ ለመሆን አመልክተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ የስዊዘርላንድ ዜጋ በስምምነቱ መሠረት ነፃ ይደረግ ዘንድ ጠየቀ። የአገሩ ሌጋሲዮን (የዲፕሎማቶች ቢሮ) «ዜግነት የማግኘት መብትህን አትለቅም» ብሎት ነበር። በኋላ ዜግነት ሲጠይቅ ተከለከለ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1951 ተፈረደለት፤ የተፈረደለትም ተሳስቶ ስለተመከረ፣ አውቆ መብቱን አልለቀቀም ተብሎ ነው። አንድ የተሳሳተ ምክር ሰውየውን እስከ አገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት አንከራተተው።

በጤና ምክንያት፣ በትምህርት፣ በኅሊና ምክንያት የሚቀርብ ጥያቄ በዚህ አንቀጽ አይያዝም። በሕጋዊ የተማሪ ቪዛ ላይ ሆኖ አለመመዝገብም አይያዝም። አደጋው ያለው «የውጭ ዜጋ ነኝና ልቀቁኝ» በሚለው ማመልከቻ ላይ ነው። ጸሐፊው የመከሩት እሱኑ ነው።

ለጸሐፊው የምለው አንድ ነገር አለ። በሌላው ነጥብ ባንስማማም ግድ የለም፤ ይህችን አንቀጽ ግን ከጽሑፍዎ ያውጡልን፤ ማውጣትዎንም እዚያው ይጻፉ። ጽሑፉን ያጋራችሁ ሰዎች ደግሞ የላካችሁለትን ልጅ ዛሬ ደውላችሁ «የውጭ ዜጋ ነኝና ልቀቁኝ» የምትለዋን ቃል የትም እንዳይፈርምባት ንገሩት። 25 ዓመቱ ከሆነ ልደቱ መቼ እንደሆነም ጠይቁት።